አድራሻ ወይስ የመንገድ ምሪት?

አዲስ አበባ ያደገ ሰው ቤቱ የት እንደሆነ ሲጠየቅ «ከቤተ ክርስቲያኑ ወረድ ብሎ፣ ከወፍጮ ቤቱ አጠገብ፣ ሦስተኛው በር» ይላል። ይህ የመንገድ ምሪት እንጂ አድራሻ አይደለም፤ ወፍጮ ቤቱ የፈረሰ ዕለት እንግዳው ይጠፋል። ቀደምት የኮምፒውተር ደብዳቤዎችም ብዙዎቹ በዚሁ ዓይነት ምሪት ይላኩ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1979 ከዩኒክስ ጋር የተሠራጨው ዩዩሲፒ ኮምፒውተሮች በስልክ እየተደዋወሉ ደብዳቤ የሚቀባበሉበት ዘዴ ነበር። ላኪው ደብዳቤው የሚያልፍባቸውን ማሽኖች በሙሉ፣ በመካከላቸው ቃለ አጋኖ እያስገባ፣ በተራ ይጽፋል፤ «ሀ!ለ!ሐ!ከበደ» እንደ ማለት ነው። «ለ» ከተዘጋ ደብዳቤው ከበደ ዘንድ አይደርስም። ከሌላ ቦታ ለሚጽፍለት ሰው ደግሞ የከበደ አድራሻ ሌላ ይሆናል።

ሬይ ቶምሊንሰን ግን በ1971 በአርፓኔት ላይ የ@ን ምልክት በሰውየውና በማሽኑ ስም መካከል አስገብቶ ነበር። በእርሱ ዘዴ ላኪው የሚጠየቀው ማን እና የት ብቻ ነው፤ መንገዱን መፈለግ የመረቡ ፈንታ ነው። ሁለቱ ሲደባለቁ ጣጣ መጣ። «ሀ!ከበደ@ለ» ተብሎ የተጻፈውን አንዱ ማሽን አስቀድሞ ወደ «ሀ»፣ ሌላው አስቀድሞ ወደ «ለ» ይልከው ነበር።

የዩዩሲፒ ወዳጆች «የድሃ መረብ ነበር፤ ተራ ስልክ ይበቃው ነበር» ብለው ይከራከሩለታል። እውነት ነው፤ አርፓኔት ለሁሉ ክፍት አልነበረም። ሆኖም ድህነት ለመጥፎ አድራሻ ምክንያት አይሆንም። ቶም ጄኒንግስ በ1984 የጀመረው ፊዶኔትም በተራ ስልክ ይሠራ ነበር፤ አድራሻው ግን አህጉርን፣ አካባቢን እና ጣቢያን በቁጥር የሚለይ ነበር። አፍሪካ 5ኛው ዞን ነበረች። በ1990ዎቹ መጀመሪያ አዲስ አበባ፣ በአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ሥር የነበረው ፓዲስ የተጠቀመው በዚሁ መረብ ነው። ስልኩ ደካማ ቢሆንም አድራሻው ቦታውን አልሳተም።

በ1983 ፖል ሞካፔትሪስ ያወጣው የስም ሥርዓት ከ@ ጋር ተጣምሮ ክርክሩን ዘጋው። ይገባዋልም። ነገር ግን አንድ ቅሬታ አለን። ያ አድራሻ የተሠራው ለላቲን ፊደል ነው፤ «ተ» እና «ጠ» በዚያ አንድ ይሆናሉ። በ2012 የወጣው ደንብ የሌሎች ቋንቋዎችን ፊደል ፈቅዷል፤ ብዙዎቻችን ግን ዛሬም በተውሶ ፊደል እንጠራለን። አድራሻ ሰውን በስሙ የሚጠራ ከሆነ፣ ስሙ በገዛ ፊደሉ እስኪጻፍ ድረስ ሥራው አላለቀም።