የሿሚ ዕዳ

ወጣት አንባቢ ሆይ፤ ጦር ሲሸነፍ ሰው ሁሉ «ማን አዋጋ?» ብሎ ይጠይቃል። «ያን አዋጊ ማን ሾመው?» ብሎ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። ይህን ያሳሰበኝ ቶማስ ሪክስ የሚባሉ አሜሪካዊ ጸሐፊ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2012 ያሳተሙት «ጄኔራሎቹ» የተባለው መጽሐፍ ነው። ደራሲው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ጄኔራል ማርሻል ያልበቃውን አዛዥ ቶሎ የሚሽሩ መሆናቸውን ያመሰግናሉ፤ በኋለኞቹ ጦርነቶች ይህ ልማድ መቅረቱንም ይነቅፋሉ። ነቀፋቸው እውነት ነው። ዳሩ ግን ለእኔ ሽረት የፍርድ እኩሌታ እንጂ ሙሉ ፍርድ አይደለም።

ምሳሌው የጄኔራል ፍሬደንዳል ነገር ነው። ማርሻል መረጧቸው፤ አይዘንሃወርም አመስግነው ተቀበሏቸው። በ1943 መጀመሪያ በቱኒዚያ 2ኛውን ኮር ሲያዙ፣ ከግንባሩ ወደ 100 ኪሎ ሜትር ርቀው መሐንዲሶችን የመጠለያ ዋሻ ያስቈፍሩ ነበር። አይዘንሃወር በየካቲት ወር ሄደው ይህን በዓይናቸው አዩ፤ ቅር አላቸው፤ ነገር ግን አልሻሯቸውም። ወዲያው ጀርመኖች አጠቁ፤ በዚያ ውጊያና በካሰሪን መተላለፊያ በሺህ የሚቈጠር ወታደር ሞተ፣ ቈሰለ፣ ተማረከ። በመጋቢት ፍሬደንዳል ተነሡና ፓተን ተተኩ። ከዚያስ? ፍሬደንዳል ወደ አገራቸው ተመልሰው በዚያው ዓመት የሌተና ጄኔራልነት ማዕርግ ተጨመረላቸው፤ ወታደር እንዲያሠለጥኑም ተደረገ። ይህ ማዕርግ በካሰሪን ልጇ የቀረባትን እናት ምን ያጽናናታል?

በእኛ አገር ባለዕዳ ሲጠፋ ዋሱ ይከፍላል። ሿሚም የተሿሚው ዋስ ነው። እርግጥ ነው፣ ሰው የሰውን ልብ አያይምና በምርጫው ቢሳሳት አይፈረድበትም። የሚፈረድበት ጉድለቱን ካየ በኋላ ዝም ብሎ ስላሳለፈው ቀን ነው፤ በዚያ ቀን የሚሞተው ሌላ ሰው ነውና።

አይዘንሃወርን ግን በዚህ ብቻ አልመዝናቸውም። በ1944 የኖርማንዲ ዘመቻ ሳይጀመር፣ ምናልባት ባይሳካ ጥፋቱ የእርሳቸው ብቻ መሆኑን በእጃቸው ጽፈው አስቀምጠው ነበር። ዋስነት ማለት ይህ ነው።

አንተም ነገ ሹም ትሆን ይሆናል። በሰው የሹመት ደብዳቤ ላይ ስትፈርም፣ የፈረምኸው በዋስነት መሆኑን አትርሳ።