ስቱኮ ሥር ያለው

አዲስ አበባ ታክሲ ላይ «ላንቻ ወራጅ!» የሚል ሰው የሰፈሩ ስም ከቱሪኑ ላንቻ ኩባንያ እንደመጣ ብዙም አያስበው። ቪንቼንዞ ላንቻ ኩባንያውን እ.ኤ.አ. በ1906 አቋቋመው። እኛ ዘንድ ላንቻ ሲባል ከባድ መኪና ይታወሰናል፤ የአሮጌ መኪና ወዳጆች ግን ላምዳ የተባለውን የኩባንያውን መኪና ያነሣሉ። ላምዳ በ1922 ለዕይታ ሲቀርብ ሻንሲ አልነበረውም። የዘመኑ ቅንጡ መኪና አብዛኛው እንደ ጋሪ ነበር፦ ከሥር ወፍራም ብረት፣ ከላይ ሌላ ባለሙያ የሠራለት ቦዲ። ላምዳ ግን ላሜራውን ራሱን አጥንት አደረገው።

ጅማ ውስጥ ላምዳ ገጥሞኝ አያውቅም። ዘዴውን የወረሰው ፊያት ሰይቼንቶ (1955) ግን ገጥሞኛል፤ ስለዚህ የታደሰ መኪና ሳይ መጀመሪያ የምጠይቀው ሻንሲ አለው ወይ ብዬ ነው። በአጋሮና በሊሙ መንገድ ቡና ሲያመላልስ ያረጀ ላንድሮቨር ሻንሲ ስላለው ቦዲው ልብስ ነው፤ መልኩ ቢያስጠላም ይሄዳል። ሰይቼንቶ ላይ ከበሩ ሥር ያለው ላሜራ ከበሰበሰ ግን ወገቡ ተሰበረ ማለት ነው።

የጅማ ዝናብና ቀይ ጭቃ ደግሞ ይህን ላሜራ ከውስጥ ነው የሚበላው። ሰነፍ ሠራተኛ ዝገቱን በስቱኮ ሞልቶ ቀለም ይቀባበታል። ጎበዙ ንጹሕ ብረት እስኪያገኝ ይቆርጣል፣ ከዚያ ይበይዳል። ቡና ገዢ ኬሻውን ከላይ አይቶ አይገዛም፤ ብረት ሰክቶ ከሆዱ ነው የሚያወጣው። እኔም ማግኔት በጨርቅ ጠቅልዬ ከበሩ ሥር አስኬደዋለሁ፤ ላሜራ ይይዘዋል፣ የወፈረ ስቱኮ ይለቀዋል። (ላንድሮቨር ላይ እንዳትሞክሩት! ቦዲው በአብዛኛው አሉሚኒየም ነው። እኔ ሞክሬ ባለቤቱን ሌባ ልለው ትንሽ ነበር የቀረኝ።)

ቀጥሎ ክሪክ። መኪናውን ከፊት ጎማው ኋላ በኩል ትንሽ አነሣና በሩን እከፍታለሁ፣ እዘጋለሁ። መሬት ላይ ሳለ በጣት ይዘጋ የነበረ በር አሁን ከታከከ ቦዲው እየታጠፈ ነው፤ ከዚያ በኋላ ስለ ሞተሩ ቢያወሩኝ አልሰማም።

በመጨረሻ እጄን ከሥር ሰድጄ የውሃ መውረጃ ቀዳዳዎቹን በጣቴ እፈልጋለሁ። በእኛ ዝናብ ካልተከፈቱ አዲሱም ብየዳ አይቆይም። ቀለም ደፍኗቸው ካገኘሁ ዋጋውን እንኳ አልጠይቅም።