የማክዳ መሐላና የዘውዲቱ ዘውድ

ከቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ወደ ከተማ በሚያገባው መንገድ ግራና ቀኝ በሚገኙት የስጦታ ዕቃ መደብሮች የንግሥተ ሳባ ታሪክ በሸራና በብራና ተሥሎ ይሸጣል። ሥዕሉ በብዙ ትናንሽ አራት ማዕዘኖች የተከፈለ ነው፤ የተለመደው ቍጥር አርባ አራት ሲሆን በየሥዕሉ ሥር አጭር የአማርኛ ቃል ይጻፍበታል። እንግዳው ለመታሰቢያ ይገዛዋል፤ የአገሩ ሰው ግን ከልጅነቱ ጀምሮ ስለሚያውቀው ቆሞ አይመለከተውም። ይህ ቸልታ የሚያሳዝን ነው፤ ሥዕሉ ስለ ዘውድ አወራረስ ከመጽሐፉ የተለየ ቃል ይናገራልና።

የሥዕሉ መጀመሪያ ዘንዶው ነው። ሕዝቡ ለአርዌ ይገብር በነበረበት ዘመን አጋቦስ የተባለ ሰው ዘንዶውን በመርዝ ገድሎ ይነግሣል፤ እርሱም በሞተ ጊዜ ልጁ ማክዳ አልጋውን ትወርሳለች። በዚህ ላይ ክርክር አይነሣም፤ ሞግዚትም አይቆምላትም። የአባቷ ልጅ በመሆንዋ ብቻ ትነግሣለች። ይህ የዘንዶ ገዳይ ታሪክ በክብረ ነገሥት ውስጥ የለም፤ ሠዓልያኑ ያገኙት ከአፍ ወደ አፍ ሲተላለፍ ከኖረው ትውፊት ነው።

ክብረ ነገሥት ግን በሩን ይዘጋል። በ14ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ በዐፄ ዓምደ ጽዮን ዘመን የአሁኑን መልኩን እንዳገኘ በሚታመነው በዚህ መጽሐፍ፣ ማክዳ ከሰሎሞን የወለደችውን ልጇን ባነገሠች ጊዜ፣ ከእንግዲህ ወዲህ ወንድ እንጂ ሴት እንዳትነግሥ መኳንንቱን ታስምላለች። መጽሐፉም እንደ ተራ ተረት የሚታይ አልነበረም። ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በ1864 ዓ.ም. ከመቅደላ የተወሰደው ክብረ ነገሥት እንዲመለስላቸው ወደ እንግሊዝ ሲጽፉ፣ ያለ እርሱ ሕዝባቸው እንደማይታዘዝላቸው አስታውቀዋል።

ስለ መጽሐፉ የሚጽፉ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ በመሐላው ላይ ይቆማሉ። ከመሐላው ጋር ተያይዞ የተነገረውን ሌላውን ቃል ግን ያልፉታል። መጽሐፉ እንደሚለው ከዚያ በፊት በአገሪቱ ትነግሥ የነበረችው ወንድ የማታውቅ ድንግል ነበረች። እንግዲህ የቀድሞው ሕግ ሴትን የሚያነግሠው ባል የሌላት በመሆንዋ ነው። ማክዳ ወደ ኢየሩሳሌም ሄዳ ከሰሎሞን ከፀነሰች በኋላ በዚህ ሕግ ፊት መቆሚያ አጥታለች። ዘውዱን ለልጇ ማስተላለፏም ከእናትነት ፍቅር ይልቅ በራሷ አገር ሥርዓት የደረሰባትን ጕድለት መሙላት ይመስላል። መሐላው ሴትን ሁሉ ከለከለ፤ ምክንያቱ ግን የአንዲት ሴት ነገር ነበር።

ከዚያ ወዲህ የሆነውን የተመለከተ ሰው፣ የተሻረው ሕግ ከሻረው መሐላ ይልቅ ዕድሜ እንዳገኘ ያያል። በልብነ ድንግል ልጅነት መንግሥቱን የያዙትና በ16ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ማቴዎስን ወደ ፖርቱጋል የላኩት ንግሥት እሌኒ የንጉሥ መበለት ነበሩ። እቴጌ ምንትዋብም በ1723 ዓ.ም. ዐፄ በካፋ ካረፉ በኋላ ነው ከሕፃኑ ልጃቸው ከዳግማዊ ኢያሱ ጋር ዘውድ የጫኑት። (በኋላ ከምልምል ኢያሱ ልጆች መውለዳቸው የታወቀ ነው፤ እርሱ ግን በዙፋን አልተቀመጠም።) እቴጌ ጣይቱ የሚያሳዩት ደግሞ ተቃራኒውን ነው። በችሎታ ከሁሉ የሚያንሱ አልነበሩም፤ ሥልጣናቸው ግን ከባላቸው የመጣ ነበር፤ ዐፄ ምኒልክ በሕመም አልጋ ላይ ሳሉ በመጋቢት 1902 ዓ.ም. መኳንንቱ ከመንግሥት ሥራ አገለሏቸው።

ከሁሉ የሚበልጠው ምስክር የዘውዲቱ ንግሥና ነው። መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ልጅ ኢያሱ በተሻሩ ጊዜ፣ መኳንንቱ ለኢያሱ የማሉት መሐላ ነበረባቸውና አቡነ ማቴዎስ ከዚያ ፈቷቸው። የማክዳ መሐላ ግን መንገዱን አልዘጋም። የምኒልክ ልጅ ዘውዲቱ ነገሡ፤ የካቲት 4 ቀን 1909 ዓ.ም. ዘውድ ሲጭኑም የተሰጣቸው ስም እቴጌ ሳይሆን ንግሥተ ነገሥታት ነበር። ይህ የስም ልዩነት ቀላል አይደለም፤ እቴጌ የንጉሥ ሚስት የምትጠራበት ሲሆን ንግሥተ ነገሥታት የባለ ዙፋኗ ስም ነው። ራስ ተፈሪ መኰንን አልጋ ወራሽና እንደራሴ ሆኑ። ንግሥቲቱም ከባላቸው ከራስ ጕግሣ ወሌ እንዲለያዩ ተደረገ።

ለዚህ መለያየት የፖለቲካ ምክንያት በቂ ነው የሚል ይኖራል። ራስ ጕግሣ የእቴጌ ጣይቱ የወንድም ልጅ ናቸው፤ የሸዋ መኳንንትም የዚያ ቤት ሥልጣን ተመልሶ እንዳይመጣ ይፈሩ ነበር። ይህ እውነት ነው። ነገር ግን ፍርሃቱ መልክ ያገኘው በአሮጌው ልማድ ውስጥ ነው፤ ንግሥቲቱ ብቻዋን ትቀመጥ፣ ባል በዙፋኗ አጠገብ አይኑር የሚለው ለሰሚው እንግዳ አልነበረም። ራስ ጕግሣ መጋቢት 22 ቀን 1922 ዓ.ም. በአንቺም ጦርነት ሞቱ፤ ንግሥቲቱም ከሁለት ቀን በኋላ ዐረፉ።

የጽሑፍ ሕግ ዘግይቶ የመጣ ነው። የ1923 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት ዘውዱ ከሰሎሞንና ከንግሥተ ሳባ ከሚወርደው ትውልድ እንዳይወጣ ከደነገገ በኋላ የአወራረሱን ዝርዝር ለንጉሠ ነገሥቱ ቤተ ሰብ ሕግ ተወው። ወንድን የሚተካ በሕጋዊ ጋብቻ የተወለደ ወንድ ብቻ መሆኑን በግልጥ ያኖረው በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ነው። የትውልዱን መብት ከአንዲት ንግሥት የሚቆጥር ሕግ ሴት ልጅን ከአልጋ ሲያርቅ ነገሩ የሚያስገርም ነው፤ የሚያስገርመው ግን ክልከላው የጥንት ልማድ ቅርስ መስሎ መቅረቡ ነው። ፈረንሳዮችም በ1316 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የንጉሣቸውን ሴት ልጅ ከአልጋ ካራቁ በኋላ ነው የጥንቱን የሳሊክ ሕግ ከመጽሐፍ ፈልገው ለምክንያት ያቀረቡት። በኢትዮጵያ ሕጉ ራሱ በመጋቢት 1967 ዓ.ም. ከዘውዱ ጋር አለፈ።

ሠዓሊው ከዚህ ሁሉ የሚተርፈው በጥበቡ ባሕርይ ነው። ዘውድ ከእናት ራስ ወደ ልጅ ራስ ሲያልፍ መሣል ይቻላል፤ ሌላ ሴት እንዳትነግሥ የሚለውን ክልከላ ግን በቀለም ማሳየት አይቻልም። ስለዚህ ሥዕሉን የሚያይ ሰው የሚያገኘው ከአባቷ የወረሰችና ለልጇ ያወረሰች ንግሥት ነው። የትውፊት ሰብሳቢዎች እስካሁን የደከሙት በመጻሕፍቱ ላይ ነው። የመደብር ሥዕሎችም የመጀመሪያዎቹ አራትና አምስት ማዕዘኖች ከነጽሑፋቸው፣ ሠዓሊውና ሻጩ በቃል ከሚጨምሩት ጋር ሊመዘገቡ ይገባል፤ አጋቦስ ለማክዳ አልጋውን የሚሰጠው በእነዚያ ውስጥ ነውና።