ተቆርጦ የሚቀር ምስል፦ የአላላክ ሥርዓቶቻችን ሲገመገሙ

የሲቲ ስካን ምስል ከገጠር ሆስፒታል ወደ ስፔሻሊስት በኢንተርኔት ሲላክ መስመሩ በመካከል ሊቋረጥ ይችላል። በፒኤችፒ የተሠራ ተራ መቀበያ የሚመጣውን ፋይል በቅድሚያ በሰርቨሩ ጊዜያዊ ማኅደር ያኖራል፤ ወደ ቋሚ ቦታ ያልተዛወረውንም በመጨረሻ ይሰርዛል። ስለዚህ ከ100 ሜጋባይት 95ቱ ደርሶ ቢቋረጥ እንኳ ላኪው ከዜሮ ይጀምራል፤ በሽተኛውም ይጠብቃል። ይህ አሠራር ሰርቨሩን ከትርፍራፊ ቢጠብቅም ለደካማ መስመር የሚበጅ አይደለም።

በአንጻሩ «ተስ» የተባለው ክፍት ፕሮቶኮል የደረሰውን መጠን መዝግቦ ከተቋረጠበት ያስቀጥላል። ይሁንና እርሱም ከነቀፌታ አያመልጥም፤ የጊዜ ገደብ ማበጀት በፕሮቶኮሉ ግዴታ ስላልሆነ፣ የተተዉ ቁራጮች ዲስኩን ሊሞሉ፣ የበሽተኛውንም ምስጢር ሊያጋልጡ ይችላሉ።

እንግዲህ ሥርዓት ስንመርጥ እንጠይቅ፦ ከተቋረጠበት ይቀጥላልን? ጎዶሎውን ምስል ከሙሉው ይለያልን? የተተወውን ቁራጭስ መቼ ይደመስሳል?