ከእናቱ ሥር የሚወሰድ ቡችላ

በገረሴና በሌሎች የጋሞ ደጋዎች፣ እንደ ሌላው የኢትዮጵያ ገጠር ሁሉ፣ ቡችላን ከጎረቤት ግቢ የመውሰድ ልማድ ምስጋና ይገባዋል፤ ወሳጁ እናቲቱን በዓይኑ አይቶ፣ ጤንነቷንና ጠባይዋን ከባለቤቷ ጠይቆ፣ ጅብ ሲመጣ የምትጮኽ መሆኗን አስቀድሞ ያውቃልና። እንግሊዝ ይህንኑ ለማግኘት ሕግ አስፈልጓታል፤ መጋቢት 28 ቀን 2012 ዓ.ም. በሥራ ላይ የዋለውና ከቡችላ እርባታ፣ ማለትም ሴት ውሾችን ለትርፍ ብቻ ያለ ዕረፍት ከሚያስወልድ ስፍራ፣ በተረፈች ውሻ ስም የተጠራው «የሉሲ ሕግ» ስድስት ወር ያልሞላው ቡችላ በመካከለኛ ነጋዴ እንዳይሸጥ ይከለክላል። የጎረቤት ልማድ ቢጠፋ ግን ቡችላው ስምንት ሳምንት ሳይሞላው፣ የእናቱን ወተት ሳይጠግብ፣ ምንጩ ሳይታወቅ በካርቶን ታሽጎ ለገበያ ይቀርባል። ልማዱ የማይሸፍነው የእብድ ውሻ በሽታ ክትባትን ነው፤ እሱ የእንስሳት ሐኪም ድርሻ ነው።