የሙሽራዋ ሥዕልና የመሳፍንቱ ውል

በ16ኛው ምእተ ዓመት በጀርመን አገር የመሳፍንት ጋብቻ ከተጋቢዎቹ ፈቃድ ይልቅ የሁለት ግዛቶች ውል ነበር። ማርቲን ሉተር የለኮሰው የሃይማኖት ተሐድሶም ከዚህ ውል ውጪ ሊቆም አልቻለም። ታዲያ የኪነ ጥበብ ድርሻ ምን ነበር? መልሱን ለማግኘት የሳክሶኒ ቤተ መንግሥት ሠዓሊ የነበረውን የሉካስ ክራናህንና የልጁን ሁለት ሥራዎች መመርመር ይበቃል። ሁለቱም የሚገኙት በዋይማር ከተማ ነው።

የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. በ1526 የተሣለው የክሌቨዋ ልዕልት የሲቢለ የሙሽርነት ሥዕል ነው። ለሳክሶኒው አልጋ ወራሽ ለዮሐን ፍሪድሪኽ የታጨችው የ14 ዓመት ልጃገረድ ረጅም ጸጉሯን ለቃ፣ የሙሽራ አክሊል ደፍታ ትታያለች። ልብሱና ጌጡ በጥንቃቄ ተሠርቷል። ፊቷ ግን ሠዓሊው በብዙ ሴቶች ላይ የሚደጋግመው ፊት ነው፤ ጠባብ ዓይን፣ ሰፊ ግንባር፣ የተገጠመ ከንፈር። ይህ የሙያ ድክመት ሊመስል ይችላል። ሆኖም ውሉ የሚፈልገው ልጅቱን ሳይሆን የአባቷን ርስት ስለነበረ፣ ሥዕሉ ሳያስበው እውነቱን ተናግሯል። በውሉ መሠረት የክሌቨ ወንድ ዘር ቢቋረጥ ግዛቱ ለሳክሶኒ ቤት ይተላለፋል። አባቷ የሉተርን እምነት ሳይቀበል ከሉተር ጠባቂዎች ጋር መዛመዱም ርስት ከእምነት እንደቀደመ ያስረዳል። ከአንድ ዓመት በፊት፣ በ1525፣ በፍራንከንሃውዘን የመሳፍንት ጦር ዐመፀኞቹን ገበሬዎች ፈጅቷል። በሙሽራዋ ሥዕል ላይ የዚያ ደም ጠብታ እንኳ አይታይም።

ውሉ ግን አልጸናም። የፕሮቴስታንቶቹ የሽማልካልደን ኅብረት አንዱ መሪ፣ የሄሰኑ ፊሊፕ፣ በ1540 በሚስቱ ላይ ሌላ አገባ። ድርጊቱ በንጉሠ ነገሥቱ ሕግ በሞት የሚያስቀጣ ስለነበረ፣ በ1541 ከቻርልስ 5ኛ ጋር ተዋዋለ፤ ክሌቨንም ወደ ኅብረቱ ላለማስገባት ቃል ገባ። የሲቢለ ወንድም ቪልሄልም በ1543 ብቻውን ተሸነፈ። የፊሊፕ ልጅ ባል የሆነው ሞሪትስ ደግሞ የሥጋ ዘመዱን ዮሐን ፍሪድሪኽን ከድቶ ከንጉሠ ነገሥቱ ጎን ተሰለፈ። በ1547 በሙልበርግ ጦርነት ዮሐን ፍሪድሪኽ ተማረከ፤ የመራጭ መስፍንነት ማዕረጉም ለሞሪትስ ተሰጠ። ጋብቻ ያስተሳሰረውን የሥልጣን ጥቅም በጠሰው።

ሁለተኛው ሥራ የዋይማር ቤተ ክርስቲያን የመንበር ሥዕል ሲሆን፣ በ1555 የፈጸመው ታናሹ ክራናህ ነው። በዚያን ጊዜ አባቱም ሆነ ሲቢለና ባሏ ሞተዋል። መስፍኑና ሚስቱ በግራው ክንፍ፣ ሦስቱ ወንዶች ልጆቻቸው በቀኙ ክንፍ ተንበርክከዋል። በመካከል፣ ከስቅለቱ ሥር፣ ሉተርና ሽማግሌው ሠዓሊ ቆመዋል። ከክርስቶስ ጎን የፈለቀው ደም የሚወርደው በመስፍኑ ራስ ላይ ሳይሆን በሠዓሊው ራስ ላይ ነው።

ይህ አቀማመጥ የልጅ ፍቅር ብቻ አይደለም። አዲሱ ትምህርት ጸጋን ለእያንዳንዱ አማኝ በቀጥታ ሰጥቶ ነበርና፣ ሥዕሉ ትምህርቱን በቃሉ ይዞታል፤ የዘር ሐረግ ወደ ዳር፣ የእጅ ባለሙያ ወደ መሐል ሆኗል። ሆኖም እዚህም ቢሆን ለገበሬው ስፍራ አልተገኘም። ሥራው ታላቅ ነው፤ ታላቅነቱ ግን ይህን ጉድለት አይሸፍንም። ለባለሥልጣን የሚሠራ ከያኒ ምንጊዜም ሊመልሰው የሚገባው ጥያቄም ይኸው ነው፤ ማንን ከመሐል አቆምሁ? ማንንስ ከሥዕሉ ውጪ ተውሁ?