ተፈትቶ የሚገጠም መኪና

የድሮው ላንድክሩዘር ሃርድቶፕ የበሩ ማጠፊያ ውጪ ነው። በዛሬዎቹ መኪኖች ማጠፊያው ከላሜራው ኋላ ስለሚደበቅ በሩ ሲዘጋ አይታይም። እዚህ ግን ወፍራሙ ብረት ከቀለሙ በላይ ወጥቶ ይታያል። በሩን ዘግቶ ዙሪያውን ያለውን ክፍተት በጣት ጫፍ መከተል ይቻላል። ከመክፈቻው በኩል ከላይ ሰፍቶ ከታች ከጠበበ በሩ ወርዷል፤ ይህ ተራ ነገር ነው፣ ማጠፊያው ላላ ተደርጎ ይስተካከላል። በአራቱም ጎን እኩል ከሆነ ደስ ይላል። ክፍተቱ ጠማማ ሆኖ ማጠፊያው ጤነኛ ከሆነ ግን መኪናው አንድ ቀን ተገልብጧል ወይም በኃይል ተመትቷል ብሎ መጠርጠር ያስፈልጋል።

የእህቴ ልጅ በቅርቡ መንጃ ፈቃድ አውጥታለች። የእንስሳት ሐኪም ናት፤ ሥራዋ ከወረዳ ወረዳ ያዞራታል። ለመጀመሪያ መኪናዋ ያሰበችው እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ የተሠራ፣ በዕድሜ ከእሷ የሚበልጥ ሃርድቶፕ ነው። ቤተሰቡ «ቪትዝ ግዢ» ይላታል። ምክሩ መጥፎ አይደለም፤ ቪትዝ ለከተማ ይመቻል፣ ነዳጅም ይቆጥባል። እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ ግን፣ እዚሁ ያለውን አሮጌ መኪና ቀርቦ መመርመር የብዙ ገዢ ሥራ ሆኗል። እኔም ከእሷ ጋር መኪናውን ዞሬ አየሁት። አዲስ ሹፌር ከዚህ መኪና የሚማረው ብዙ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ምክንያቱም አሠራሩ አይደበቅም።

ዘሩ የቆየ ነው። ቶዮታ ቢጄ የተባለውን የመጀመሪያ መኪና እ.ኤ.አ. በ1951 ሠርቶ በፉጂ ተራራ ላይ እስከ ስድስተኛው ማረፊያ አወጣው። ላንድክሩዘር የሚለው ስም በ1954 ተሰጠው። አርባዎቹ የሚባሉት ሞዴሎች በ1960 መጥተው እስከ 1984 ቆዩ፤ በዚያው ዓመት ሰባዎቹ ተኳቸው። እኛ ያየነው 75 የሚባለው ነው፤ በዘመኑ ከሰባዎቹ ረጅሙ ነበር። ከፊት ጎማው መሃል እስከ ኋላ ጎማው መሃል 2,980 ሚሊሜትር ይለካል። አምቡላንስ ሆኖ ወይም የእርዳታ ድርጅት ባንዲራ አንግቦ ሲያልፍ ያላየው የገጠር ልጅ የለም።

ኮፈኑ ሲከፈት፣ ከሞተሩ ኋላ ባለው ግድግዳ ላይ ትንሽ የብረት ሰሌዳ ትገኛለች። ኤችዜድጄ75 ብላ ትጀምራለች። የፊተኞቹ ፊደላት ሞተሩን ይናገራሉ፣ ቁጥሩ ደግሞ አካሉን። የሻንሲው ቁጥር ሌላም ቦታ አለ፤ ከቀኙ የፊት ጎማ አጠገብ፣ በራሱ በሻንሲው ብረት ላይ ተመትቷል። ጭቃውን በሽቦ ብሩሽ አጽድቶ፣ ሊብሬውን በእጅ ይዞ፣ አንድ በአንድ ማንበብ ነው። ፊደላቱ ጥልቀታቸው እኩል፣ አሰላለፋቸውም ቀጥ ያለ መሆን አለበት። ዙሪያው ተፍቆ ወይም ተበይዶ ከሆነ እዚያው ላይ መኪናውን ትቶ መሄድ ነው።

ሻንሲው ከፊት እስከ ኋላ የሚሄዱ ሁለት ረጃጅም ብረቶችና በመካከላቸው የገቡ አግዳሚዎች ናቸው። አካሉ ከሻንሲው ጋር አልተበየደም። በመካከላቸው ላስቲክ ገብቶ በቡሎን ታስሯል። ስለዚህ የዛገ ወለል ተቆርጦ ሌላ ይለበሳል፣ የተጎዳ በር ወርዶ ሌላ ይሰቀላል። ሻንሲው ግን የሁሉም መሠረት ነው። መታየት ያለበት በተለይ የኋላው ባሌስትራ የሚንጠለጠልበት አካባቢ ነው፤ ጭቃ እዚያ ይከማቻል፣ እርጥበቱም አይለቅም። በትንሽ መዶሻ ቀስ ብሎ ሲነካ ጤነኛ ብረት ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል። ዝገት የበላው ድምፁ ይደነዝዛል። አዲስ ጥቁር ቀለም በወፍራሙ የተቀባ ሻንሲ ካጋጠመ፣ ቀለሙ ሳይሆን ከሥሩ ያለው ነው መጠየቅ ያለበት።

ባሌስትራው ሁለት ሥራ ይሠራል። ሸክሙን ይሸከማል፣ አክሱንም ቦታው ላይ ይይዛል። በላይ በላዩ የተደረደሩት ብረቶች ወደ ታች እያጠሩ ይሄዳሉ። መሃላቸውን አንድ ቡሎን ይወጋቸዋል፤ የቡሎኑ ራስ ደግሞ በአክሱ ላይ በተዘጋጀለት ቀዳዳ ውስጥ ይገባል። ከውጭ የሚታዩት ወፋፍራም ቅንፎች ይጫናሉ እንጂ ቦታ አይወስኑም። ቦታ የምትወስነው ያቺ የማትታይ የቡሎን ራስ ናት። እሷ ከተቆረጠች አክሱ ትንሽ ይንሸራተታል፣ መኪናውም በቀጥታ መንገድ ላይ ጎኑን ሰጥቶ ይሄዳል። ይህን ለማወቅ ሜትር ይበቃል። ከአክሱ እስከ አንድ ቋሚ የሻንሲ ነጥብ ድረስ ግራና ቀኙን ለክቶ ማወዳደር ነው።

ከዚህ መኪና ሁሉ እኔን አስቁሞ ያቆየኝ የፊት ጎማው ሞዞ ነው። በሄድንበት ጋራዥ የሌላ ሰው ሰባ አምስት በክሪክ ተነስቶ፣ የፊት እግሩ ተፈትቶ ነበር። ክፍሎቹ በወጡበት ቅደም ተከተል በጋዜጣ ላይ ተደርድረዋል። መጀመሪያ ሹፌሩ በእጁ «ፍሪ» ወይም «ሎክ» ላይ የሚያዞረው የሃቡ ክዳን አለ። ቀጥሎ የአክሱን ጫፍ የምትይዝ ክፍት ቀለበት፣ ከዚያ የሃቡ አካል። ይህ አካል በስድስት ብሎኖች ታስሯል። በእያንዳንዱ ዳዶ ሥር ትንሽ የብረት ኮን አለች፤ በአንድ ጎኗ ተሰንጥቃለች። ዳዶው ሲጠብቅ ኮኗ ወደ ቀዳዳዋ ትገፋለች፣ ስንጥቋ ይጠባል፣ ብሎኑንም ዙሪያውን ጨምቃ ትይዛለች። በሃቡና በሞዞው መካከል ምንም መንቀሳቀሻ አይኖርም። ያለዚህች ኮን ብሎኖቹ በየዳገቱ ጥቂት ጥቂት እየተመቱ ቀዳዳውን ያሰፉት ነበር። ለማውጣት በጉልበት አይጎተትም። ጥርሱ እንዳይበላሽ በናስ ዘንግ ብሎኑ ላይ መታ ይደረጋል፣ ኮኗም ራሷ ትወጣለች።

ከዚያ ወደ ውስጥ ሁለት ትልልቅ ዳዶዎች አሉ፤ የሚፈቱት በ54 መፍቻ ነው። በሁለቱ መካከል ስስ የብረት ቀለበት ገብታለች።

«ጋሼ፣ ይቺ ቀለበት ጫፏ የሚታጠፈው ለምንድን ነው?» አለችው የእህቴ ልጅ።

መካኒኩ እጁን በጨርቅ ጠረገና ቀለበቷን ሰጣት። «ዳዶው እንዳይዞር ነው፣ ልጄ። ውስጠኛው ኩሽኔታውን ያስተካክላል፣ ውጪኛው ይቆልፈዋል። አንዱን ጫፍ ወደ ውስጥ ታጥፊያለሽ፣ ሌላውን ወደ ውጪ። ሁለቱም እርስ በርስ ይጠባበቃሉ።»

አስተካከሉን ቆመን አየነው። ውስጠኛውን ዳዶ አጠበቀ። ኩሽኔታዎቹ በትክክል እንዲቀመጡ ሞዞውን ወዲህና ወዲያ ደጋግሞ አዞረው። ዳዶውን ላላ አድርጎ እንደገና አጠበቀ። ከዚያ የስፕሪንግ ሚዛን አመጣ፤ መንጠቆውን በአንደኛው የጎማ ብሎን ላይ ሰክቶ ጎተተ። ሞዞው መዞር ሲጀምር ሚዛኑ ያሳየውን አነበበ፣ ዳዶውን ለጸጉር ያህል አንቀሳቅሶ እንደገና ለካ። ብዙ ሰው ይህን በእጅ ግምት ያልፈዋል። በጣም የጠበቀ ኩሽኔታ ይግላል፣ የላላ ደግሞ ጎማውን ያወዛውዛል። በሁለቱ መካከል ያለችው ጠባብ ልክ የምትገኘው በሚዛኑ ነው።

ከሞዞው ኋላ፣ ጎማው ወደ ግራና ቀኝ የሚዞርበት ትልቅ የብረት ኳስ አለ። በውስጡ ኃይሉን ወደ ጎማ የሚያሻግረው መገጣጠሚያ በስድስት ትናንሽ ኳሶች ላይ ይዞራል፤ ዙሪያው በጥቁር ግሪስ የተሞላ ነው። መሪው በታጠፈ ቁጥር ላስቲክና የተጨመቀ ሱፍ ያለው ቀለበት የትልቁን ኳስ ፊት ይጠርጋል። በኳሱ ላይ ስስ የግሪስ ሽፋን ከታየ መልካም ነው። የዲፈረንሻሉን ዘይት ከግሪሱ የሚለየው የውስጥ ጎሚኒ ሲበላ ግን ዘይቱ ይገባል፣ ግሪሱን ያቀጥነዋል፣ ተደባልቆም ወደ ውጭ ይፈሳል። ስለዚህ ገዢ መሪውን እስከ ጫፍ ጠምዝዞ፣ ከጎማው ኋላ ተንበርክኮ፣ በባትሪ ማየት አለበት። ኳሱ ደርቆ የዛገ ከሆነ ለዓመታት ያስታወሰው የለም። ጎማው በውስጥ ጎኑ ከራሰ ደግሞ ሥራ አለበት። ሥራው ከባድ አይደለም፤ ግን ከዋጋው ላይ መቀነስ አለበት።

ሞተሩ 1ኤችዜድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1990 የመጣ፣ ስድስት ሲሊንደር በአንድ መስመር የተደረደሩበት የናፍጣ ሞተር። የሲሊንደሩ ወርድ 94 ሚሊሜትር፣ የፒስተኑ ጉዞ 100 ሚሊሜትር፣ ጠቅላላ ይዘቱ 4,163 ሲሲ። ቱርቦ የለውም። ጉልበቱ ወደ 130 የፈረስ ጉልበት ነው። ከዚህ መጠን ካለው ሞተር ብዙ የሚባል አይደለም፤ ዕድሜውም የሚመጣው ከዚህ አለመጨናነቅ ይመስለኛል። አዲስ አበባን በሚያህል ከፍታ አየሩ ስለሚሳሳ ጉልበቱ የበለጠ ይቀንሳል፤ የናፍጣ ፖምፓው ካልተስተካከለ በዳገት ላይ ጥቁር ጭስ ያወጣል።

ሞተሩን ማየት የሚገባው ጠዋት፣ ገና ሳይነሳ ነው። ሻጩ አሙቆ ከጠበቀ ሌላ ቀን መመለስ ይሻላል። ቁልፉ ሲዞር የካንዴሊታው መብራት በርቶ ይጠፋል፣ ከዚያ ሞተሩ ሳይንገላታ መነሳት አለበት። በፊት ለፊቱ ክዳን ሥር ካምሻፍቱንና የናፍጣ ፖምፓውን የሚያዞር ባለ ጥርስ ቺንጊያ አለ። በየ100,000 ኪሎሜትሩ ይቀየራል፣ ጊዜው ሲደርስም ዳሽቦርዱ ላይ መብራት ይበራል። ይህ ቺንጊያ ከተበጠሰ ቫልቭና ፒስተን ይጋጫሉ። መቼ እንደተቀየረ የሚያሳይ ደረሰኝ ከሌለ፣ አልተቀየረም ብሎ መቁጠር ነው።

አዲስ ሹፌር በደንብ ሊያውቀው የሚገባ ሌላ ነገር አለ። ይህ መኪና በፎር ዊል ሲሄድ የፊቱና የኋላው አክስ አንድ ላይ ይታሰራሉ፤ በመካከላቸው ልዩነት የሚቀበል ዲፈረንሻል የለም። በኩርባ ላይ የፊት ጎማዎች ከኋላዎቹ የረዘመ መንገድ ይሄዳሉ። በጭቃና በአሸዋ ላይ ጎማው ትንሽ ተንሸራቶ ልዩነቱን ይለቀዋል። በደረቅ አስፋልት ላይ ግን መልቀቂያ የለውም፤ መሪው ይከብዳል፣ ጎማው ይበላል፣ ጥርሶቹ ይጨነቃሉ። ስለዚህ ሹፌሩ ይወርዳል፣ ሁለቱን ሃቦች በእጁ ያዞራል፣ ተመልሶ ዘንጉን ይስባል። አስፋልት ላይ ሲደርስ ዘንጉን ይመልሳል፣ ሃቦቹንም ወርዶ ያላላል። ይህን ያደረገ ሰው ኃይሉ ከሞተር ተነስቶ በየት በየት አድርጎ ጎማ ላይ እንደሚደርስ ያውቃል።

ጎማው 7.50 በ16 ነው፤ ውስጡ ከመነዳሪ አለው። በብዙዎቹ ላይ ቸርኬው ተነቃይ የብረት ቀለበት ስላለው ማንኛውም የገጠር ጎሚስታ በእጅ መሣሪያ ይፈታዋል። ቀለበቱ ቦታው ላይ በትክክል ሳይገባ አየር ከተሞላ ግን ተፈናጥሮ ሰው ይገድላል። በሚሞላበት ጊዜ ፊት ለፊቱ መቆም አይገባም።

ይህ ሁሉ አሠራሩ ነው። የሌለውንም መናገር አለብኝ። በዚያ ዘመን የተሠራው ሃርድቶፕ ኤርባግ የለውም። ኤቢኤስም የለውም፤ ፍሬን በድንገት ሲረገጥ ጎማው ይታሰራል፣ መሪው አይታዘዝም። ቁመቱ ረጅም፣ ክብደቱም ብዙ ነው፤ በኩርባ ላይ እንደ አውቶሞቢል የሚነዳው ሰው ይገለበጣል። በኋላ ያሉት የጎን መቀመጫዎች ብዙ ጊዜ ቀበቶ የላቸውም። መንጃ ፈቃድ በቅርቡ ላወጣ ሰው እነዚህ ቀላል ነገሮች አይደሉም። የመጀመሪያዎቹን ወራት በዝግታ፣ ያለ ተሳፋሪ ብዛት፣ በቀን ብርሃን መንዳት ግድ ነው።

ለእህቴ ልጅ የሰጠኋት ምክር ይኸው ነው። ሻንሲው ካልተበየደ፣ ቁጥሩ ከሊብሬው ከገጠመ፣ ሞተሩም በብርድ ከተነሳ ትግዛው፤ የፊት ኳሶቹ ከራሱ ከዋጋው ታስቀንስ። ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ ትተወው፤ ሌላ ሃርድቶፕ ይገኛል። ከገዛችው ደግሞ የመጀመሪያውን ገንዘብ ለቀለምና ለሙዚቃ ሳይሆን ለፍሬን ሸራ፣ ለአዲስ ጎማና ለወንበር ቀበቶ ታውለው።